ያልመጣው ሰውዬ

ላፍቶ፣ ጥር 23 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝህ የወገብ ቁርጥማት ተሻለህ ወይስ የደብረ ብርሃን ብርድ አባሰው? ባለቤትህ ወይዘሮ ውብነሽ ደህና ናት? እናቷስ? ግቢዬ ውስጥ ተከልኩ ብለህ ለጸደንያ የጻፍክላት ጽጌረዳ ውርጩን ቻለው? ውሻህስ? ካፖርትህስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ለደብዳቤ ወግ ብዬ አይደለም፤ ዛሬስ ቤቱ ለደስታዬ ስለጠበበው መስኮት ከፍቼ ነው የምጽፍልህ።

ሰላምታው በዛ ብለህ ፊትህን እንዳታጨማድድ። አውቅሃለሁ እኮ። ደብዳቤ ሲመጣልህ የመጀመሪያውን ገጽ ዘለህ "ዋናው ነገር የታለ?" የምትል ሰው ነህ። ይኼን ግን እንዳትዘል። የዛሬው ዋና ነገር ሰላምታው ነው፤ ለምን እንደሆነ ዝቅ ስትል ይገባሃል። ባይገባህም ግድ የለኝም፤ ስንት ነገር ሳይገባህ ነው ሽበት ያወጣኸው።

ለጸደንያ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሷል። ልጃችን ከጎፋ ድረስ እያለቀሰች ይዛው መጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለችው። ሁለቴ አነበብኩት፤ የመጀመሪያው ለመናደድ፣ ሁለተኛው ለመሳቅ። "ሕፃኗ በሁለት ቋንቋ መሃል ባክና ቀርታለች፤ ይህ የእኔ ሳይሆን የባለሙያ ቃል ነው፤ ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት መጥቼ እወስዳታለሁ፤ እዚህ ንጹህ አማርኛ በሚነገርበት ቤት ታድጋለች" ብለሃል። ንጹህ አማርኛ! ሰው እንደ ወተት አማርኛን አጥልሎ ሲጠጣ ያየሁት ያንተ ቤት ብቻ ነው። እኔን አንድ ቃል እንዴት ነሽ አላልክም። የአማችህን የኢሉን አባት ደግሞ ስማቸውን እንኳ አልጠራህም፤ "እዚያ ያሉት ሽማግሌ" ነው ያልካቸው።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርህና ልብህ ይረፍ፤ የልጅ ልጃችን ቢፍቱ የትም አትሄድም። የማዘጋጀው ሻንጣ የለም፤ በከንቱ ለመኪና አትንገላታ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል። ወዳጅህ ሚሳኤል መጻፉ አይቀርም፤ እሱ ያየውንም የሰማውንም ሳይጽፍ የማያድር ሰው ነው። ልቅደመው ብዬ ነው ሥራዬን ሁሉ ትቼ የተቀመጥኩት።

አኗኗራችንን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። አንተ ወደ አዲሱ ትዳርህ ከሄድክ ወዲህ እኔ ያለሁት ላፍቶ፣ ከኢሉ አባት ከኦቦ በንቲ ማሳ ጫፍ ላይ ኢሉ በሠራልኝ ቤት ነው። ጸደንያና ኢሉ ጎፋ ይኖራሉ፤ እሷ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትገባለች፣ እሱ ታክሲውን ይነዳል። ቢፍቱ የሥራ ቀኑን እኔ ዘንድ ውላ እኔ ዘንድ ታድራለች፤ ቅዳሜና እሑድ ይወስዷታል። በእኔና በኦቦ በንቲ ግቢ መሃል ያለው የቅንጭብ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አለው። ከእኔ ጋር አማርኛ፣ ከአያቷ ጋር ኦሮምኛ፤ ሕፃኗ ያደገችው እንዲህ በክፍተቱ ወዲያና ወዲህ እያለች ነው። አንተ "የገበያ ቋንቋ" ትለው ነበር። በገበያውም እኮ አልቻልከውም! ስንት ዘመን ንፋስ ስልክ ኖረህ ቅቤ የምትገዛው በጣትህ እየጠቆምክ ነበር።

እንግዲህ ኦቦ በንቲ ያቺን ልጅ እንዴት ሰላም እንደሚሉ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ገብተው ደጃፌ ላይ ካለው አግዳሚ ይቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው "አካም ቡልቴ፣ ቢፍቱ?" ይላሉ። እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። እሷም ደህና አደርኩ ብላ ትመልሳለች። ከዚያ ዶሮዋ ደህና ማደሯ ይጠየቃል። አሻንጉሊቷ ይጠየቃል። ጫማዋ ይጠየቃል፤ ግራው ለብቻው፣ ቀኙ ለብቻው። አሁን ተራው የእሷ ነው። ቀይዋ ላም ደህና አደረች? ጥጃዋስ? ሽምብራውስ? ጢምህስ? ሁሉም በየተራው ተመስግኖ ካላለቀ ሌላ ወሬ አይነሳም። እኔ መጀመሪያ ላይ ገንፎው ቀዘቀዘ እያልኩ እጮህ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው "ታገሺ እንጂ እናቴ፣ ገና መግባታችን ነው" ይሉኛል።

እሺ። መስከረም ላይ ጸደንያ ልጅቷን መዋዕለ ሕፃናት ላስገባ አለች። ጎፋ ካሉት አንዱ ዘንድ ወሰድናት። ማን ቢገኝ ጥሩ ነው? አቶ ሚሳኤል! ያ ካንተ ጋር ዳማ እየተጫወተ ሲሸነፍ ሰሌዳው ተንጋዷል የሚለው። ናይሮቢ ሄዶ ጥቂት ወራት ሰልጥኖ "የሕፃናት የንግግር ዕድገት መዛኝ" ሆኖ ተመልሷል። ሥዕል የሞላበት ሳጥን አለው። አንገቱ ላይ ደግሞ የሩጫ ዳኛ የሚያንጠለጥለው ዓይነት ሰዓት። ስለ አራት ዓመት ልጅ ምላስ ሲናገር ብትሰማው ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነው የሚመስልህ።

እኛን በር ላይ አቁሞ ልጅቷን ከትንሽ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሰላም አላላትም። ስምሽ ማነው አላላትም። ሰዓቱን ቀጭ አደረገና አንድ ሥዕል አፍንጫዋ ሥር ደቅኖ "ይህ ምንድን ነው?" አላት። ውሻ ነው። ቢፍቱ ውሻውን አየች፣ እሱን አየች፣ በሩን አየች። ዝም። ሁለተኛ ሥዕል፤ ዝም። አንዱ ሥዕል ላይ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ከደጃፉ ነጭ ነገር በአካፋ ይዝቃል። እኔን ጠይቆኝ ቢሆን ወፍጮ ቤት ነው እለው ነበር፤ በረዶ ኖሯል። ልጅቷ እግሯን እያወዛወዘች፣ በትዕግሥት፣ ልክ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብላ ሳጥኑ ባዶ ሆነ።

ጸደንያ አጠገቧ ተንበርክካ "የኔ ማር፣ ለምን ዝም አልሽ?" አለቻት።

ቢፍቱ ደግሞ "ሰውዬው አልመጣማ" አለች።

ይኼኔ የሚሳኤልን ፊት ብታየው! ሎተሪ የወጣለት ነው የሚመስለው። "አያችሁ? ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰው አልመጣም ትላለች! የቃልና የነገር ግንኙነት ተናግቷል" አለ። እንዲህ ነው የሚናገረው እንግዲህ። ሁለቱ ቋንቋ ጭንቅላቷ ውስጥ ተደባልቀው አንዱም አልበቀለም፤ አንዱ መቆም አለበት፤ የሚቆመው ደግሞ ኦሮምኛው ነው፤ በተለይ ከሽማግሌው ጋር የምታደርገው ንግግር ዛሬውኑ ይቁም አለ። እስከዚያው መዋዕለ ሕፃናቱ አይቀበላትም። እኔ በበኩሌ አሥራ ሁለተኛ የጨረስኩ ሰው ነኝና "ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠይቃት" አልኩት። እንደ ግድግዳ አየኝ።

ለኦቦ በንቲ የመንገሩ ዕጣ የወደቀው እኔ ላይ ነው። ኢሉ አባቱን ደፍሮ እንዲህ አይልም፤ ጸደንያም አፈረች። ነገርኳቸው። መሬት መሬት አዩና "ለልጅቷ ይሻላል አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። አዎ አሉ፣ አልኩ። "እንግዲያው ይሁን" አሉ። አማርኛውማ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ቀበሌ ሄደው ስለ መሬታቸው ሲከራከሩ ጸሐፊው ነው ቃል የሚያጥረው። ግን የልጄን ልጅ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር እንዴት አደሩ አልልም አሉ። ስለዚህ እየመጡ አግዳሚው ላይ ዝም ብለው መቀመጥ ጀመሩ። ዱላው መሃላቸው፣ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ።

ልጅቷም ዝም እያለች ሄደች። መጀመሪያ ኦሮምኛው ቆመ፤ እሺ፣ የተፈለገው እሱ ነው። ከዚያ አማርኛውም ተከተለ። ከእኔ ጋር ስትለፈልፍ ትውል የነበረች ልጅ ውኃ ሲጠማት ጣሳውን ትጠቁም ጀመር። አሻንጉሊቷን ማነጋገር ተወች። ኅዳር ላይ ወስደን ብናሳየው፣ ያ ያንተ ባለሙያ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እየጠራ ነው" አለን! "ጭንቅላቷ እየጠራ ነው፤ አትጨነቁ።" የጠራ ነገር ማየት የፈለገ የመቃብር ድንጋይ አይመለከትም ወይ?

ያንተ ደብዳቤ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ጸደንያ ካለቀሰች በኋላ "እማዬ፣ ምናልባት አባዬ እውነቱን ይሆን?" አለችኝ። እንዲህ ስትል የተሰማኝን አልነግርህም፤ እንዳይጣፍጥህ። ኢሉ ደጅ ባቆመው ታክሲው ውስጥ መሪውን እንደያዘ፣ ወደኛ ሳይዞር፣ "ልጄ ከሄደች ስትመለስ አታውቀኝም" ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ጸደንያ ግን በቀጣዩ ሳምንት የልጅቷን ልብስ ማጠብ፣ ቁልፍ መትከል ጀመረች። ለመንገድ ማዘጋጀቷ ነው። እኔ ደግሞ የተጣጠፈ ሹራብ ባየሁ ቁጥር ፈትቼ መልሼ እሰቅላለሁ። እሷ ታጥፋለች፣ እኔ እሰቅላለሁ። እንዲህ ሆነን ጥምቀትን ዋልን።

አሁን ወደ ደስታዬ መጣሁልህ።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ጠዋት ነው። ኦቦ በንቲ እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ቢፍቱ ደፉ ላይ ጀርባዋን ለእሳቸው ሰጥታ የጫማዋን ክር ታወሳስባለች። ከእሳቸው አንድ ክንድ አትርቅም፣ ብትዞር ጉልበታቸውን ትገጫለች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ወተት በብርጭቆ ቀዳሁና "ቢፍቱ፣ አካኮ መጥተዋል፣ ነይ ይኼን ስጫቸው" አልኳት። አካኮ ነው አያቷን የምትላቸው።

ዞር እንኳ አላለችም። "አካኮ አልመጣም" አለች።

"እንዴ! ያው ከኋላሽ ተቀምጠው?"

"አልመጣም። ቢመጣማ እንዴት አደርሽ ይለኝ ነበር።"

አንተ ሰው፣ ወተቱ እጄ ላይ ፈሰሰ። በዚያች ልጅ ቤት ሰው መጣ የሚባለው በእግሩ ሲገባ አይደለም፤ ሰላም ሲል ነው! ሰላም ያላለ ሰው ወንበር ይሙላ፣ ሰዓት ያንጠልጥል፣ ናይሮቢ ደርሶ ይመለስ፣ እሷ ዘንድ ገና መንገድ ላይ ነው። ላልመጣ ሰው ደግሞ ማን ውሻ ነው፣ ድመት ነው እያለ ያወራል? ስትጠብቀው ነበር እኮ! በትዕግሥት፣ በጨዋነት፣ እስኪመጣ ስትጠብቀው! እኛ ደግሞ ቋንቋ የላትም ብለን አያቷን ዝም አሰኘንባትና እሳቸውም ወራት ሙሉ ሳይመጡ ቀሩ።

ወጥቼ ነገርኳቸው፤ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም። ኦቦ በንቲ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ከዚያ ገለጥ አደረጉትና "አካም ቡልቴ፣ ቢፍቱ?" አሉ።

ልጅቷ ዘወር አለች። "አካኮ መጣ!" ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔ እንዳልሰማሁ። ከዚያማ ማን ያቁማት! ዶሮዋ ደህና መሆኗን ሲጠይቋት ዶሮዋ ከሞተች ቆይታለች፤ እንዴት እንደሞተች፣ ሸለምጥማጥ በየት እንደገባ፣ ላባዋ የት እንደተገኘ፣ ሁሉንም በኦሮምኛ ዘረገፈችው። ለካስ ስታስቀምጥላቸው ኖራለች። አሻንጉሊቷ አንድ ዓይኗ ወልቋል፤ ተነገረ። ጫማው ጠቧታል፤ ተነገረ። በመሃል ወደኔ እየዞረች "እማ፣ ለአካኮ ስለ ዶሮዋ እየነገርኩት ነው" ትለኛለች በአማርኛ፣ እንዳይከፋኝ። የዚያን ቀን ገንፎው ቀዘቀዘ አላልኩም። ገንፎም አልተሠራም።

ጸደንያን ጠርቼ አሳየኋት። ልብሱን ራሷ ሰቀለችው። ግን የመዋዕለ ሕፃናቱ በር አሁንም በሚሳኤል እጅ ነው፤ አንተም "የባለሙያ ቃል" ይዘህ ልትመጣ ነው። ስለዚህ ያን ባለሙያ ቃሉን ማስዋጥ ያስፈልጋል። ኢሉ ሥራውን ትቶ በታክሲው ሁላችንንም ጭኖ ወደ ጎፋ። ኦቦ በንቲ ንጹህ ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ ረዳቱ የለመደ አፉ "ጎፋ፣ ጎፋ!" እያለ ይጣራል፣ ኢሉ "ዝም በል፣ ቤተሰብ ነው" ይለዋል።

ሚሳኤል ውጤቱ አይለወጥም እያለ ተቀበለን። እኔ ለብቻው ወሰድ አድርጌ "በመጀመሪያ ልጅቷን ሰላም በላት፤ ከዚያ የፈለግከውን ጠይቃት" አልኩት። ፈገግ አለና ለበግ እንደሚያስረዳ ሆኖ አስረዳኝ፤ በመመሪያው መሠረት መዛኙ ከሕፃኑ ጋር ወዳጅነት አይፈጥርም፣ ልኬቱ ይዛባል፣ አለኝ። አንድን ልጅ እንዴት አደርሽ ብትላት የሚዛባ ልኬት ከመጀመሪያውስ ምን ዓይነት ልኬት ነው? ይኼን ስጠይቀው ሰዓቱን ያዘ።

ያዳነን ኦቦ በንቲ አለመቀመጣቸው ነው። ሌላ ዘዴ አልነበራቸውም፤ ሰው ቤት ሲገቡ እንደሚያደርጉት ነው ያደረጉት። በዱላቸው ተደግፈው ሚሳኤል ፊት ቆሙና በአማርኛ ጀመሩ። እንዴት አደርክ? ቤተሰብ ደህና? አባትህ አሉ? እናትህስ? ሽማግሌ ቆሞ እሱ መቀመጥ አልቻለም፤ ተነሳ። ሁሉም ደህና ናቸው አለ። ከብቶችህ ደህና አደሩ? ከብት የለኝም አለ። ኦቦ በንቲ ደነገጡ፤ "ምን ነካቸው?" አሉ። ኢሉ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚሳኤል ላብ ላብ እያለው ከብት ኖሮት እንደማያውቅ አስረዳ። እሳቸውም በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁና በዱላቸው ወደ ልጅቷ አመላክተው "እኔን ጨረስክ፤ አሁን እሷ ቀረችህ" አሉት።

ምን ያድርግ? እንዲህ ያለ ሽማግሌ ፊቱ ቆሞ እምቢ ይበል? በጥርሱ መሃል "እንዴት አደርሽ ቢፍቱ" አላት።

"ደህና። አንተስ እንዴት አደርክ?"

"ደህና።"

"ሰዓትህስ ደህና አደረ?"

ያንን ለማየት ምነው በኖርክ! የሠለጠነው መዛኝ አንገቱ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፣ ኦቦ በንቲን አየ፣ "ደህና ነው" አለ። ሳጥኑም ደህና አደረ። መነጽሩም ደህና አደረ። ቢፍቱ ወደ እናቷ ዞራ "አሁን መጣ" አለቻትና ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልበልህ! ውሻው ውሻ ሆነ፤ ከዚያም አልፎ የተራበ ውሻ ሆነ። አካፋ የያዘው ሰውዬ ዱቄት ደፍቶ ሚስቱ ሳታየው እየሰበሰበ ነው ተባለ። አንዱን ሥዕል ለሚሳኤል በአማርኛ ትነግረውና ሳትውል ሳታድር ለአካኮ በኦሮምኛ ትደግመዋለች፤ እሳቸውም እንግዳ ናቸዋ፣ ለምን ይቅርባቸው? የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ወይዘሮ ድምፅ ሰምታ ገባች። አሥር ጊዜ "ጎሽ" አለች። ሚሳኤል ሲጽፍ ብዕሩ ወረቀት ቀደደ። ቅር አሰኝቶት እንደሆነ እንጃ፣ መጨረሻ ላይ ግን እሱም መሳቅ ጀመረ፤ ጥርስ እንዳለው ያየሁት ያን ቀን ነው።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ደረስን። አንድ ዱላ የያዘ ሽማግሌና አንዲት ሴትዮ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይኼኛው ረጅም ንግግር የሚለካበት ነው አለ፤ ልጁ የሚያውቀውን ነገር አያይዞ፣ ከምክንያቱ ጋር፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ሳያምታታ መናገር ይችላል ወይ? ሰዓቱን ቀጭ አደረገ። "ስለነዚህ ሰዎች የምታውቂውን ሁሉ ንገሪኝ" አላት።

የምታውቀውን ሁሉ ነገረችው።

"እሷ እማ ናት፣ እሱ ደግሞ አካኮ ነው" ብላ ጀመረች። "የአካኮ ዱላ እኛ ቤት ነው የሚያድረው፤ ከበሩ ኋላ። ጠዋት ደግሞ አካኮ ዱላውን ይዞ በአጥሩ ይዞርና እንደገና ይመጣል። ከዚያ እንዴት አደርሽ ይለኛል።" ሌላም አለች፤ ሚሳኤል ቃል በቃል ስለጻፈው ከእሱ ታገኘዋለህ፣ እኔ እጄን አላደክምም። የኢሉ ቁልፍ ወደቀ፤ ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ እዚያው ቆየ። ጸደንያ "እማዬ!" አለች። ምናልባት ያልሰማ ይኖር ይሆናል ብዬ ተስፋ ሳደርግ ቢፍቱ ወደ አካኮ ዞራ ሁሉንም ከሥር ጀምሮ በኦሮምኛ ደገመችው። በሩ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ ሳቋን መጥረጊያው ላይ ቀበረችው።

ሚሳኤል ወረቀቱን አነሳ። የልጅቷ ንግግር በሁለቱም ቋንቋ ከዕድሜዋ የቀደመ ነው፤ ምክንያትና ቅደም ተከተል ተሟልቷል፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ይቀበላታል፤ ኦሮምኛውን የሚያስቆም ምክንያት የለም፣ አለ። ከዚያ ወደኔ ጠጋ ብሎ በዝግታ "የተናገረችው ነገር ግን የልጅ ምናብ ከሆነ፣ እንደዚያ ብዬ ላስተካክለው እችላለሁ" አለኝ። መልካም ማድረጉ ነበር መሰለኝ። ወይም ወጥመድ ነው፤ ያንተ ወዳጅ ነውና አይታወቅም።

እስቲ አስበው። መውጫዋ ቀላል ነበረች። "የልጅ ወሬ ነው፣ ነገር ተደባልቆባት ነው" ብል እኔ ስሜን ይዤ እወጣ ነበር፤ እሷ ግን እንደገና የተደባለቀባት ልጅ ትሆናለች፤ አንተም ከነሻንጣህ ትመጣለህ። ጸደንያ ታየኛለች። ኢሉ አሁንም ቁልፉን አላገኘም። ኦቦ በንቲ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እኔን ብቻ ያያሉ።

"ምንም አታስተካክል" አልኩት። "ልጅቷ የምትናገረውን ታውቃለች።"

በዚህ ዓይነት ነው እንግዲህ የልጅ ልጅህ ፈተናዋን ያለፈችው። ሰኞ ጀምራለች። መምህሯን፣ የመምህሯን ጠመኔና ደወሉን ሳይቀር ደህና አደሩ ብላ ነው የገባችው። ሚሳኤል ሲጽፍልህ የምታነበው ሁሉ በመመሪያው መሠረት የተለካ ነው፤ አንተ ደግሞ የባለሙያ ቃል ታከብራለህ፤ ስለዚህ ክርክር የለንም። ወይዘሮ ውብነሽ ምን ትላለች ብለህ አትጨነቅ፤ ቤትህ እስክትደርስ ሳቋን እንድትጨርስ ይኼን ደብዳቤ ራሷ ቀድማ እንድታነበው ፈቅጃለሁ። ጸደንያ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ፤ በአራተኛው መጥታ ቅንጭቡ ምን ያደርጋል፣ ይነቀል፣ አለችኝ።

አንተ ለማየት ብትመጣ በሩ ክፍት ነው። ቢፍቱን ልትወስዳት ሳይሆን ልትጠይቃት ና። ስትገባ ግን አደራህን፣ ከነካፖርትህ ተገትረህ ጉንጯን ለመቆንጠጥ አትቸኩል። በመጀመሪያ እንዴት አደርሽ በላት። አሻንጉሊቷን ጠይቅ፤ አንድ ዓይኗ የለም፣ አይተህ አትሳቅ። ሁለቱንም ጫማ ለየብቻ ጠይቅ። ያለዚያ ከደብረ ብርሃን ድረስ ተንገላተህ ሳትመጣ ነው የምትመለሰው።

እግዚአብሔር ወገብህን ይማርልህ። ጽጌረዳህን ከውርጭ ይጠብቅልህ። ባለቤትህንና እናቷን ሰላም በልልኝ፤ ቤታችሁን ሰላም ያድርገው፣ እንደኛ ቤት። በንቲም ሰላም ብሎሃል፤ እዚሁ አጠገቤ ነው፣ ስለ ከብቶችህ ጠይቂልኝ እያለ ያስቸግረኛል።

ሁልጊዜም በሰላም ያለሁት፣

የልጅህ እናት